ሜዳ አያሳርፍም

ዳገት የሰለቸው ብስክሌተኛ ሜዳ ይመኛል። እኔም ስመኝ ኖሬ የነቃሁት ፎገራ ላይ ነው። ዳገት የወጣ ሰው ቢያንስ ቁልቁለቱ የእሱ ነው፤ እግሩን ሰብስቦ፣ ትንፋሹን መልሶ፣ ወገቡን አቃንቶ ይወርዳል። ሜዳ ላይ እግር ካረፈ ብስክሌቷም ታርፋለች። ሁለት ሰዓት ከተነዳ ሁለቱም ሰዓት የተረገጠ ነው። ኮርቻውም አይምርም፤ ዳገት ላይ ብድግ እያልን የምናሳርፈው መቀመጫ እዚህ እንደተጣበቀ ይውላል። ስለዚህ የሜዳ ጉዞ የሚታቀደው በሰዓት ነው ባይ ነኝ፤ ኪሎ ሜትሩን የመንገድ ዳር ድንጋይ ይቁጠረው።

የምለው መንገድ ከባሕር ዳር ወረታ ነው። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደርሶ መልስ 120። የዓባይን ድልድይ ተሻግረን፣ ዘንዘልማን አልፈን እስከ ሐሙሲት ከፍ ዝቅ አለው፤ ማርሽ መቀያየር ይኖራል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ይዘረጋል። ጉማራን ተሻግሮ፣ ወረታን አልፎ፣ ርብ ወንዝ ድረስ ሁለቱ ወንዞች በየክረምቱ ደለል እያነጠፉ የሠሩት ሜዳ ነው። የፎገራ ከብትና የፎገራ ሩዝ አገሩ ይኸው ነው። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ስለተመዘገበ እንግዳ ሰው ውሃ ውሃውን እያየ የሚነዳ ይመስለዋል። አያይም። ሐይቁ በስተግራ፣ ከሩዙ ማሳ፣ ከረግረጉና ከደንገሉ ማዶ ነው። እኛ ዘንድ የሚመጣው በነፋስ ነው።

ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይግላል። የሞቀው አየር ሲነሣ ከሐይቁ ላይ ቀዝቀዝ ያለው ገብቶ ቦታውን ይይዛል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ውሃ ነውና እስትንፋሱ ቀላል አይደለም። መንገዱ ደግሞ ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ይዞ ወደ ሰሜን ስለሚሄድ ነፋሱ ስንሄድ ከግራ፣ ስንመለስ ከቀኝ ጎን ይመታናል። የፊት ነፋስ ቢሆን ስንመለስ ከኋላ ገፍቶ ይክሰን ነበር፤ የጎን ነፋስ ካሳ የለውም።

ተከታትሎ መንዳት ያለ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስንበር ከጉልበታችን አብዛኛውን የሚበላው አየሩ ስለሆነ የፊተኛው ይሰብራል፣ የኋለኛው ይድናል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ነፋሱ ከጎን ሲሆን ግን ልክ ከኋላ መሆን አይበቃም፤ ነፋሱ በማይመታበት በኩል ሰያፍ ሆኖ መጠጋት ይጠይቃል። አሁን መንገዱን በዓይነ ሕሊና እንየው። ስንሄድ ነፋሱ ከግራ ነው፤ መጠለያው በስተቀኝ፣ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ይውላል። ደኅና ነው። ስንመለስ ነፋሱ ከቀኝ ነው፤ መጠለያው በስተግራ፣ አስፋልቱ መሐል፣ ሚኒባሱና የጭነት መኪናው የሚያልፉበት ላይ ይወድቃል። እዚያ ገብቶ መጠለል እብደት ነው። ስለዚህ በመልስ ጉዞ ሁሉም ለየራሱ ነፋሱን ይበላል፣ ወይም ነፋሱ ሳይነሣ ይመለሳል። ዕቅዴ ሁሉ የተሠራው በዚህች አንዲት ነገር ዙሪያ ነው።

ይህን ያወቅሁት አስቤበት አይደለም። የመጀመሪያ ጊዜ ስንወጣ ስልኬ ላይ መንገዱን አይቼ፣ ሜዳ ነው ብዬ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ቀደም እንበል ወይ ስል አብሮኝ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ ሜዳ አይደል እንዴ?» አለኝ፤ ተቀበልኩት። ወረታ ላይ ተዝናንተን በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ሰባት ሰዓት ላይ ለመመለስ ተነሣን። ጉማራን ሳንሻገር ውሃችን አለቀ። ከጉማራ በኋላ ጉልበቴ ከዳኝ፤ መሪውን ወደ ነፋሱ አዘንብዬ ስገፋ ፍጥነቴ የአህያ ጋሪ ሆነ። ሐሙሲት አጠገብ ያለው፣ በሌላ ቀን ልብ የማልለው ከፍታ ሲመጣ ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ከኮርቻው ለመነሣት የመጀመሪያ ምክንያቴ ነበር። ከዚያ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ፤ ከብት የሚጠብቁ ልጆች እስኪበቃቸው ሳቁብኝ።

አሁን 12 ሰዓት ላይ እነሣለሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ወይም ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወረታ ነኝ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልቀመጥም፤ ከአምስት ሰዓት ተኩል በፊት ዓባይን እሻገራለሁ። ማለዳው ሌላም ስጦታ አለው። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሩቅ ሰሜን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ረጃጅም ግራጫ ወፎች ሌሊቱን ሐይቁ ዳር ባለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው አድረው፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ ታጨደው ማሳ ይበራሉ። ሁለት ሰዓት ላይ የሚነሣ ሰው አያገኛቸውም።

ወራቱን መምረጥ ከባድ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው ይፈስሳሉ፤ ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ምርጥ ነው፣ አጨዳው ካልተቆጠረ። በአጨዳ ጊዜ ጭድ የጫነ ጋሪና ወደ ገለባው የሚነዳ ከብት አስፋልቱን ሲያቋርጥ አንዷ ላም ካለፈች ጥጃዋ ትከተላለችና ክፍተት አገኘሁ ብሎ መሐል መግባት አያዋጣም። ከሁሉ በፊት ግን ዋዜማውን ወደ ወረታ ደውዬ መንገዱ ሰላም መሆኑን እጠይቃለሁ። ካልሆነ ብስክሌቱ ቤት ይውላል።

ስንቄ የአያቶቼ ነው፦ በሶ በጨው ተለውሶ ጭብጦ ሆኖ በፌስታል ይቋጠርና ከጀርባ ኪሴ ይገባል። ሳልራብ በየ45 ደቂቃው እገምጣለሁ፤ ረሃብ ከተሰማ ዘግይቷል። ውጭ አገር የተሠራ ጣፋጭ ማር መሳይ ነገር ሞክሬ ነበር፤ ለዋጋው አላመሰገንኩትም።

ጎማ ላይ አልከራከርም። ለኮርስ ብስክሌት 28 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ የቀጠነ አላስገባም። የሚበሳን እሾህ ይመስለን ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከፈነዳ የመኪና ጎማ የወጣች ከፀጉር ብዙም የማትወፍር ሽቦ ናት። ጎማውን በጣት እየዳሰሱ ካላወጧት አዲሱን የውስጥ ጎማ ደግሞ ትበሳለች። ወረታ ጎሚስታ አይጠፋም፤ ጉማራና ሐሙሲት መሐል ግን ያለን የያዝነው ነው። ሐይቁን ለማየት ጓጉቶ ወደ ናበጋ የሚታጠፍም አለ። ደረቅ ከሆነ ይሁን። ዝናብ ከነካው ዋልካው ጎማና ፍሬን መሐል ገብቶ ይጠነክራል፤ ብስክሌቱን ተሸክሞ መመለስ ነው።

አብሮኝ ለመውጣት ያሰበ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማና ሁለት ኮዳ ውሃ ይዞ 11:45 ላይ ድልድዩ አጠገብ ይገኝ። 12 ሰዓት ሲል ፔዳሉን ረግጫለሁ፤ ስልክ አላነሣም።