የዘገየ ልቅሶ፦ ስለ ኒውትራል ሚልክ ሆቴል ሁለተኛ አልበም

ሟችን በሕይወቱ ሳለ ያላወቀ፣ ዘመድም ወገንም ያልሆነ ሰው ሊያለቅስለት ይገባልን? ይህን ጥያቄ ያስነሣን ኒውትራል ሚልክ ሆቴል የተባለው የአሜሪካ ኢንዲ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1998 ያወጣው ሁለተኛ አልበም፣ «ኢን ዘ ኤሮፕሌን ኦቨር ዘ ሲ» ነው። ለባዕድ ማልቀስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሙሾ አውራጅዋ ያላየችውን ሰው ታስለቅሳለች። ይሁንና ግጥሟን የምትደረድረው የሟቹን ሙያና ጠባይ ጠይቃ ከተረዳች በኋላ ነው። እኛም አልበሙን የምንመዝነው በዚሁ ነው።

የባንዱ መሪ፣ ዘፋኝና የግጥሞቹ ደራሲ ጄፍ ማንገም በ1970 በሉዊዚያና ተወለደ። የአና ፍራንክን የዕለት ማስታወሻ አንብቦ አምርሮ እንዳለቀሰ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያድናት ያልም እንደ ነበረም በቃለ መጠይቅ ገልጿል። አና ከቤተሰቧ ጋር በአምስተርዳም ከሁለት ዓመት በላይ ተሸሽጋ ከኖረች በኋላ በኦገስት 1944 ተይዛ፣ በ1945 መጀመሪያ ላይ በበርገን ቤልዘን ማጎሪያ በ15 ዓመቷ ሞተች። ለቀስተኛው ገና አልተወለደም ነበር።

ሙዚቃው በ1997 በዴንቨር ከተማ በሮበርት ሽናይደር አዘጋጅነት ተቀረጸ። መሠረቱ ተራ የእንጨት ጊታር ሲሆን ድምፁ ሆን ተብሎ እስኪሻክር ድረስ ተገፍቷል። በዚያ ላይ የነሐስ መለከቶች እንደ ቀብር ሰልፍ ይገቡበታል። አልበሙ ስሙን በወሰደበት ዘፈን ውስጥ ደግሞ ጁሊያን ኮስተር የአናጢ መጋዝ እንደ ማሲንቆ በደጋን ይገዘግዛል፤ ከብረቱ የሚወጣው ድምፅ የሰው እንጉርጉሮ ይመስላል፣ ቃል ግን የለውም። የማንገም ድምፅ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ይህን ጉድለት የሚሉ አይጠፉም፤ ለእኛ ግን ልቅሶ አሳምሮ የሚያለቅስ ሰው ይበልጥ ያጠራጥረናል።

የአልበሙ ልብ ከስምንት ደቂቃ በላይ የሚፈጀው «ኦ ካምሊ» ነው። ማንገም ጊታሩንና ዜማውን ያለ ማቋረጥ በአንድ ጊዜ ተወጣው፤ በፍጻሜው ላይ ከባልደረቦቹ አንዱ በመገረም ሲጮህ ይሰማል። ዘፋኙ ዘመንን ወደ ኋላ ተሻግሮ ሊያድን ይመኛል፤ ምኞቱ ከንቱ መሆኑንም ያውቃል። ሐዘኑን የምናምነው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ያለቀሰላት ማንን ነው? የማስታወሻዋ አና ተሳላቂ፣ ተከራካሪ፣ ከእናቷ ጋር የማትስማማ፣ ከሁሉ በላይ ደራሲ ለመሆን የቆረጠች ልጅ ናት። በማርች 1944 በለንደን በስደት የነበረው የኔዘርላንድስ መንግሥት ሚኒስትር ቦልከስታይን ሕዝቡ ማስታወሻውንና ደብዳቤውን እንዲያቆይ በሬዲዮ ባሳሰቡ ጊዜ፣ የጻፈችውን መጽሐፍ ይሆን ዘንድ እያረመች እንደ ገና ትጽፈው ጀመር። (በስደት ለምንጽፍ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።) ከዚህች ደራሲ ግን በአልበሙ ውስጥ አንዳች የለም። በ«ሆላንድ፣ 1945» ከበሮው እየጋለበ ሟቿ በሌላ አካል እንደ ገና ትወለዳለች፤ በሌላ ስፍራ መንፈስ ትሆናለች፤ አንዳንዴም ከፍትወት ምስሎች ጋር ተቀላቅላ እናፍርላታለን። ሟቿን አገኘናት፤ ሳቋንና ብዕሯን አላገኘንም። ማንገም መጽሐፉን አንብቧል፤ ሆኖም ግጥሙን ሲደረድር ስለ ሙያዋ የጠየቀ አይመስልም።

የመጨረሻው ዘፈን ሲያበቃ ጊታሩን አስቀምጦ፣ ተነሥቶ ሲሄድ ይሰማል። ባንዱ ከዚያ ወዲህ ሌላ የስቱዲዮ አልበም አላወጣም።