የእንግሊዝኛው «ኤች» ስምና ድምፅ

በአማርኛ የፊደል ስም ከድምፁ አይለይም። «ለ»ን የቈጠረ ሕፃን ፊደሉን ከቃል ውስጥ ሲያገኘው ያንኑ ያነባል። ቅጽል ስም ያስፈለገው እንደ ሃሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ» በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ለተለያየ ፊደላት ነው። የእንግሊዝኛው «ኤች» ግን ከዚህ ልማድ ይርቃል፤ ስሙ በአናባቢ ተጀምሮ በ«ች» ሲያልቅ፣ ሆሄው በቃል መነሻ የሚወክለው የ«ህ» ድምፅ ከስሙ ውስጥ ጨርሶ አይሰማም።

ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። ስሙ የተወረሰው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ላቲን ይህን ድምፅ አስቀድሞ ጥሎት ነበር። በዚያው መንገድ የገቡት «አወር»፣ «ኦነር» እና «ኦነስት» ዛሬም ሆሄውን በጽሕፈት ይዘው በንባብ ይተዉታል። «ሆስፒታል» ግን መንገዱ ያው ሆኖ ሳለ፣ ጽሕፈቱ ንባቡን ስቦት ድምፁን አስመልሷል። በአየርላንድ ስሙን ራሱን «ሄች» ማለት የተለመደ ነው፤ በሰሜኑ ክፍል እንዲያውም ካቶሊኩን ከፕሮቴስታንቱ መለያ ምልክት ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ስለዚህ «ሄች» ያለውን ተማሪ እንደ ተሳሳተ ቈጥሮ መገሠጽ የሚያስቸኩል ጉዳይ አይደለም።

የሚያስቸኩለው ሌላ ነው። በብዙ ክፍሎች «ከአምስቱ አናባቢ ሆሄያት በፊት ‹አን›፣ ከሌሎቹ በፊት ‹ኤ› ይጻፋል» የሚል ደንብ በቃል ይጠናል። ደንቡን አምኖ የሠራ ተማሪ ከ«አወር» በፊት «ኤ»፣ ከ«ዩኒቨርሲቲ» በፊት ደግሞ «አን» ጽፎ ሁለቱንም ይስታል፤ ነጥቡንም የሚያጣው ባለማጥናቱ ሳይሆን በማጥናቱ ነው። ወሳኙ የሚጻፈው ሆሄ ሳይሆን የሚሰማው ድምፅ ነው። ለዚህም «ኤች. አይ. ቪ.» በቂ ማስረጃ ነው። ምሕጻረ ቃሉ በሆሄያቱ ስም ሲነበብ በአናባቢ ስለሚጀምር «አን» ይቀድመዋል፤ «ኤች» የቆመለት «ሂውማን» የሚለው ቃል በሙሉ ሲጻፍ ግን «ኤ» ይቀድመዋል። «ሄች» የሚሉትም ከምሕጻረ ቃሉ በፊት «ኤ» ቢሉ በራሳቸው ንባብ ልክ ናቸው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ዓይነትነት እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ ጉዳዩ የሚነካው ገና ፊደል ያልጠናለትን ሕፃን ነው። የሆሄያት ስም ዝማሬ ቃልን በሆሄ ለመዘርዘር ይጠቅማል፤ ለማንበብ ግን «ሃት» እና «ሃንድ» ከመሰሉ ቃላት ድምፁ ቀድሞ መሰማት አለበት።

የመጽሐፍ አዘጋጆችም ተማሪው ከየትኛው ጽሕፈት እንደ መጣ ማየት ይገባቸዋል። በላቲን ፊደል አፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ «ፒ» እና «ኤች» ተጣምረው ሲያይ «ጰ» ብሎ ያነባል፤ በእንግሊዝኛ ያው ጥምረት «ፈ» ነው። በግእዝ ፊደል ለጀመረው ልጅ ጥምረቱ ራሱ አዲስ ነው። ለሁለቱም የሚሰጠው መልመጃ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነው።