መዝሙር፣ ምጣኔና የማይቆጠረው ጫና

የእንግሊዝኛ መዝሙር መጻሕፍት ከጀርባቸው የምጣኔ ማውጫ አላቸው። 8.6.8.6 የሚለው ምልክት አንዱ አንጓ አራት ስንኝ እንዳለው፣ የስንኞቹም ቀለም ስምንትና ስድስት እየተፈራረቀ እንደሚሄድ ያሳያል። ቁጥሩ አንድ የሆነ ግጥምና ዜማ ይጋባሉ። «አሜዚንግ ግሬስ» የዚህ ልማድ ፍሬ ነው፤ የጆን ኒውተን ግጥም እ.ኤ.አ. በ1779 ታተመ፣ ዊልያም ዎከር «ኒው ብሪቴን» ከተባለው ዜማ ጋር ያጣመረው ግን በ1835 ነው።

ጋብቻው የሰመረው በቁጥር ብቻ አይደለም። የኒውተን ስንኞች ከቀላል ቀለም ተነሥተው ከባዱ ላይ ያርፋሉ፤ ዜማውም ከምቱ በፊት በአጭር ድምፅ ተነሥቶ ረጅሙን ለከባዱ ቀለም ይሰጣል። ማውጫው ይህን አይናገርም። የቻርልስ ዌስሊ «ላቭ ዲቫይን» እና የሄንሪ ቤከር «ዘ ኪንግ ኦቭ ላቭ» ሁለቱም ስምንትና ሰባት ቀለም ያፈራርቃሉ፤ የመጀመሪያው ግን በከባድ፣ ሁለተኛው በቀላል ቀለም ይጀምራል። ዜማቸው ቢለዋወጥ አንድም ቀለም አይጎድልም፤ ጫናው ግን በየመስተዋድዱና በየቃሉ ጭራ ላይ ይወድቃል።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል፤ ብዙዎቹ የትርጉም መዝሙሮቻችንም አልተጠነቀቁለትም ባይ ነኝ። (ቅኝቱማ እንግዳ አይደለም፤ የ«ኒው ብሪቴን» አምስት ድምፆች የትዝታ ሜጀር ናቸው። ተርጓሚን የሚያዘናጋውም ይኸው ይመስለኛል።) ፊደል መቁጠር ቀለም መቁጠር አይደለም፤ «ምሕረት» በጽሑፍ አራት ፊደል፣ በአፍ ሁለት ቀለም ነው። ከዚህ የሚከፋው መጥበቅና መላላት ነው። «ይሰማል» ሲላላ አምላክ ጸሎቱን ያደምጣል፣ ሲጠብቅ ጸሎቱ ይደመጣል፤ ሁለቱም ሦስት ሦስት ቀለም ናቸው። ዜማው መሐሉ ላይ ረጅም ድምፅ ካስቀመጠ ዘማሪው አናባቢውን ሲስብ መጥበቁ በቀላሉ ይጠፋል፤ ምእመኑም የተጻፈውን ትቶ ሌላ ይሰማል። አማርኛ ደግሞ እንደ እንግሊዝኛ ጎልቶ የሚሰማ ጫና ስለሌለው፣ የዜማው ምት የሚደገፍበት ያጣል።

የወል ቤት የሚባለው የአማርኛ ግጥም ስንኝ ስድስት በስድስት ቀለም ነው። 8.6.8.6 ላይ ሲጫን ተርጓሚው ስምንቱን ለመሙላት ትርፍ ቃል ይሰነቅራል። 6.6.6.6 የሆኑ ዜማዎች ግን አሉ፤ ሁለት የወል ቤት ስንኞች ያለ ትርፍ ቃል ይሞሏቸዋል። ለምን እነሱን አንመርጥም? የያሬድ ዜማማ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፤ ምልክቱ ከንባቡ በላይ ተጽፎ ዜማው እንደ ቃሉ ርዝመት ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል።

መዝሙር የሚያሳትሙ አርታኢዎች ቢያንስ የሚጠብቀውን ፊደል በነጥብ ያመልክቱ። ግጥሙንም ከማተማቸው በፊት ላልለመደው ዘማሪ ሰጥተው ያስዘምሩት፤ አድማጭ ጽሑፉን ሳያይ ካልገባው ዜማው ይቀየር።