መድፍና ጎተራ፤ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ዜና መዋዕሎች

የዐፄ ቴዎድሮስን ውድቀት የጻፉ ሊቃውንት ምክንያቱን የሚፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ ከንጉሡ ጠባይ ወይም ከመቅደላ ተራራ ነው። ሊትማን በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል ድሉን ከድል እያያያዘ ይተርካል፤ ነገር ግን መጨረሻው ሳይደርስ ያቆማል። የአለቃ ወልደ ማርያም ጽሑፍ እስከ ንጉሡ ሞት ይዘልቃል። አለቃው ለአቡነ ሰላማ የሚያደሉ ስለ ሆኑ ምስክርነታቸው በሚዛን ሊታይ ይገባዋል፤ ቢሆንም በባላገሩ ላይ የደረሰውን በደል አጉልተው የጻፉ እሳቸው ናቸው።

ንጉሡ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው ደረስጌ ላይ ሲነግሡ ዓላማቸው የመሳፍንቱን አገር በአንድ ዘውድ ሥር ማዋል፥ ወታደሩንም በደመወዝ አሳድሮ ከባላገሩ ጫንቃ ማውረድ ነበር። በግልጽ ሰልፍ የሚቋቋማቸው አልተገኘም። ደመወዙ ግን አልዘለቀም፤ ከቤተ ክርስቲያን መሬት ሊያገኙት ቢያስቡ ካህናቱን አስቈጡ። ሠራዊቱም ተመልሶ ከጎተራ የሚበላ ሆነ።

ለዚህ ነገር ፎገራን መመልከት ይጠቅማል። ዛሬ የወረታ ከተማ ያለችበት፥ ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ፥ እህልና ከብት የሞላበት ሆኖ ከደብረ ታቦር ደጋ በስተ ምዕራብ ተዘርግቷል። በ1858 ዓ.ም. ሠራዊቱ ኮሌራ እየፈጀው ከዘጌ በቆራጣ አድርጎ ደብረ ታቦር ሲሰፍር፥ ለስንቅ የሚቀርበው ይኸው የጣና ዳር አገር ነበር። በአቅራቢያው በጋፋት የውጭ አገር ባለ እጆች መድፍ ያፈሱ ነበር። መድፍ ግን ቆሞ የሚጠብቀውን ይሰብራል እንጂ የተቀበረ ጤፍ አያወጣም። የበጌምድር ባላገር እህሉን ሸሸገ፥ ከብቱን አሸሸ፥ ከሰፈር የተነጠለውንም ወታደር ገደለ። ንጉሡ አንዱን አገር በቀጡ ቍጥር የሚገብርላቸው አገር አነሰ፤ በ1859 ዓ.ም. ጐንደርም ተቃጠለች። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ፥ በኋላቸው የቀረው አገር ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ከዙላ የተነሣው የናፒየር ጦር ግን በየመንገዱ የማርያ ቴሬዛ ብር እየከፈለ እህልና ከብት ገዛ። ይህን እንደ እንግሊዞች ደግነት የሚቈጥሩ አሉ፤ ነገሩ የስንቅ ሂሳብ ነው። ደግሞም የመጡት እስረኞችን ለማስፈታት እንጂ አገር ለመግዛት አልነበረም፤ ስለዚህ ብር በቃቸው።

ወልደ ማርያም ባላገሩን የሚያሳዩት እንደ ተበዳይ ብቻ ነው። እህሉን የሸሸገው ገበሬ በውጊያው ውጤት ላይ የነበረው ድርሻ በዜና መዋዕላቸው ውስጥ ስፍራ አላገኘም።