እንቅርት የወጣለት አንገት እንዴት ይታያል

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎንደር፣ አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ደጅ ብትቆሙ፣ ነጠላ ሲስተካከል አንገት ብቅ ይላል። ከወገራና ከዳባት ወርደው አዘዞ የሰፈሩ እናቶች አንገት ላይ ሦስት ነገር አንድ ላይ አይቻለሁ፤ ማተብ፣ ንቅሳት፣ በመካከላቸው ደግሞ አግድም የተኛ ቀጭን መስመር። መስመሩ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ነው። እናቴም አላት። እርሱን እያየሁ ስለኖርኩ የሌላ ሰው አንገት ላይም ዓይኔ ቀድሞ ወደዚያ ይሄዳል፤ የማን እጅ እንደ ሠራው ባላውቅም በምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደ ተሠራ ማንበብ ለምጃለሁ።

በሀብታም ከተሞች አንገት ለውበት ሲባልም ይቀደዳል። ዕድሜ ያላላው ቆዳ ወደ ጆሮ ኋላ ይሳባል፣ ከአገጭ ሥር የተከፈተው ስስ ጡንቻ ተሰፍቶ ይገጠማል። እኛ ደጋ ላይ አንገት የሚያስከፍተን ብዙ ጊዜ እንቅርት ነው። ቆዳውና ጡንቻው ግን ያው ነው፤ የዓይን ፍርዱም ይቀራረባል። አንገተ መቃ እያለ ቆንጆን የሚያሞግስ ሕዝብ ስለ አንገቱ ግድ የለውም የሚል ሐኪም ካለ ተሳስቷል።

መጀመሪያ የመስመሩን ቦታ እዩ። ደህና መስመር አንገት ሲያጎነብስ በራሱ በሚፈጠረው እጥፋት ውስጥ፣ ከደረት አጥንት አፍ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይተኛል። ቦታው መመረጥ ያለበት ሴትዮዋ ሳትደነዝዝ፣ ቀና ብላ ተቀምጣ ሳለች ነው። ጠረጴዛው ላይ ትከሻዋ ሥር ትራስ ገብቶ አንገቷ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ቆዳው አብሮ ይሳባል፤ ያኔ የተሰመረው መስመር ስትነሣ ወደ ታች ወርዶ ደረቷ ላይ ያርፋል። እዚያ ያለ ጠባሳ ይሰፋል፣ ያብጣል። ማተቧ በፈተገው ቁጥር የሚያሳክካት ሴት ካያችሁ፣ ጥፋቱ የተሠራው ቢላው ቆዳዋን ሳይነካ ነው።

የድሮ ነቃሾች አንገትን ያውቁት ነበር። በእሾህና በጥላሸት የሚስሉት ክር እጥፋቱን ተከትሎ አንገቱን ይዞረዋል፤ በብዙ ቤት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርት ይከላከላል ተብሎም ይነቀስ ነበር። እንቅርቱን አላስቆመውም። ለቀዶ ሐኪም ግን የተነቀሰ አንገት ጥብቅ ፈታኝ ነው፤ ቀዶው ንቅሳቱን ካቋረጠ፣ ሲሰፋ ክር ከክር መግጠም አለበት። በእናቴ አንገት ላይ የተቆረጠው ንቅሳት የጤፍ ፍሬ ታህል እንኳ አልተዛነፈም። ይህን ያደረገው ሰው እሷን የሕመምተኛ ቁጥር ብቻ አድርጎ አልቆጠራትም፤ ዛሬም ሳየው አመሰግነዋለሁ።

አግድም ቀዶውን በስሙ ያስጠራው የስዊሱ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር ነው። የእርሱም አገር እንደ እኛው ተራራማ ነው፤ ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈር አጥቦ ስለወሰደው እንቅርት የበዛበት ነበር። ኮኸር ከ5,000 በላይ እንቅርት ቀዷል፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ከሁሉ የማከብርለት ግን ስሕተቱን ማሳየቱን ነው፤ ሲያብጥ እንቅርት የሚሆነውን የአንገት ዕጢ ሙሉ በሙሉ ያወጣላቸው ሰዎች ቆይተው እንደ ደነዘዙና እንዳበጡ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1883 ለሙያ ባልደረቦቹ ተናገረ። በእኛ አገር አዮዲኑን የሚያደርሰው ጨው ነው፤ ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ የነበረው በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት ሲቋረጥ የአፋሩ አፍዴራ ጨው ተተካ፤ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው ግን በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል ያደጉ ልጆች አንገት አሁንም ወደ ጎንደር ሆስፒታል ይመጣል።

ቦታውን ካያችሁ በኋላ ውሃ አጠጧት። ስትውጥ ጠባሳው ከጉሮሮዋ ጋር ወደ ላይ የሚሳብ ከሆነ፣ ከውስጥ ያለው ስፌት ተዘልሏል ወይም አልያዘም። ጉሮሮን የሚሸፍኑት ጡንቻዎች መሐል ለመሐል መገጠም፣ ከቆዳ ሥር እንደ ነጠላ የተዘረጋው ስስ ጡንቻም ለብቻው መሰፋት ነበረባቸው። ያለ እነርሱ ቆዳው ከጉሮሮ ጋር ይጣበቃል። ዝም ብላ ስትቀመጥ የማይታይ ቀጭን መስመር ያላት፣ ስትውጥ ግን አንገቷ የሚሰረጉድ ሴት አውቃለሁ፤ ላዩ ያማረ፣ ውስጡ የተቻኮለ ሥራ ነው። የእንቅርቱ ትልቅነት ያላላው ቆዳ ግን ሐኪሙን ትርፉን ለመቁረጥ ባያስቸኩለው ጥሩ ነው፤ አብዛኛው በወራት ውስጥ በራሱ ይሰበሰባል።

ከዚያ በኋላ ዓይናችሁን መልሱና አድምጡ። ድምፅን የሚያዝዘው ነርቭ ከዕጢው ጀርባ ተጠግቶ ያልፋል፤ የግራው ደረት ድረስ ወርዶ፣ ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ሥር ዞሮ ይመለሳል። በአንድ ወገን ከተጎዳ ድምፅ ይሰልላል፣ ውሃ ትን ይላል። በሁለቱም ከሆነ መተንፈስ ራሱ ጭንቅ ነው። ይህን ማንም ይሰማዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ከዕጢው አናት በኩል የምታልፈውን ቀጭኗን ነርቭ ነው። እርሷ ስትጎዳ ተራ ንግግር አይለወጥም፤ ሐኪሙም «ድምፅሽ ደህና ነው» ብሎ ያሰናብታል። የሚጠፋው ከፍ ያለው ድምፅ ነው። መሪጌታ ከሆነ ግእዙን ይላል፣ ዓራራዩ ላይ ይሰበርበታል። ሴት ከሆነች እልልታዋ ይቀራል። አንዲት ጎረቤታችን፣ የት እንደ ታከሙ አልናገርም፣ ጠባሳቸው ሲፈለግ እንኳ የማይገኝ ነበር፤ ልጃቸውን ሲድሩ ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ደስታቸውን የሚያወጡበትን ድምፅ የወሰደ ሥራ፣ ጠባሳው የቱንም ያህል ቢያምር ጥሩ አልለውም። ስለዚህ ከቀዶው በፊት የምትዘምሩ፣ እልል የምትሉ መሆናችሁን ለሐኪሙ ንገሩት። እናቴ በዓመቱ ጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዳር ቆማ እልልታዋን ሞከረችው። ሁለቱ ተሰባበሩ፤ ሦስተኛው ጠርቶ ወጣ።

ከዕጢው ጀርባ የተለጠፉ፣ የምስር ፍሬ የሚያህሉ አራት ዕጢዎችም አሉ፤ የደምን ካልሲየም የሚጠብቁ ናቸው። ከቀዶው በኋላ የታካሚዋ ከንፈር ዙሪያና የጣቶቿ ጫፍ ከደነዘዙ እነርሱ ተነክተዋል ማለት ሊሆን ይችላል፣ በፍጥነት ይነገር። በመጀመሪያው ሌሊት አንገቷ እየወጠረ ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ነውና ስፌቱ ወዲያው፣ አልጋዋ ላይ እንኳ ቢሆን፣ መከፈት አለበት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሆነው እዚህ ነው። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አስቀድሞ ራስጌዋ የሚያኖር ክፍል ሥራውን ያውቃል።

መስመሩ በሁለተኛው ወር ቀልቶና ጠንክሮ ቢታይ አትደንግጡ፤ ጠባሳ ለመብሰል ዓመት፣ አንዳንዴም ዓመት ከመንፈቅ ይፈልጋል፤ እስከዚያው ከፀሐይ በነጠላ ይሸፈን። ከቁስሉ ወሰን አልፎ እያበጠ የሚሄድ ጠባሳ ግን ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ ቆዳ ያለው ሰው በእኛ ዘንድ ጥቂት አይደለም። ምልክቱ አስቀድሞ ሊገኝ ይችላል፤ ለጉትቻ የተበሳው የጆሮ ቀዳዳ ላይ እብጠት ከወጣ፣ አንገቷም ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። የእናቴ ሐኪም አንገቷን ከመዳሰሱ በፊት ሻሿን ገለጥ አድርጎ ሁለቱን ጆሮዎቿን ሲያገላብጥ አይቻለሁ፤ ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።