ደም መጣጩና ሰው-ተኩላው በኤውሮፓ ሲኒማ

ከቀድሞው የኤውሮፓ ሲኒማ መካከል ደም ስለሚመጥጠው ሙትና ስለ ሰው-ተኩላው የተዘጋጁት ፊልሞች እስከ ዛሬ ተመልካች አላጡም። ብዙ ሰዎች ይህን ዐይነት ሥራ የፍርሃት ንግድ ነው ብለው ይንቁታል። የሕዝብን ልማድ የሚመረምር ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ ሊያልፈው አይገባም፤ ፊልሞቹ ከገበሬ እምነት የተቀዱ ናቸውና፥ ያንን እምነት እንዴት እንደ ለወጡት ማየቱ ውበታቸውንም ነውራቸውንም ይገልጣል። (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ18ኛው መቶ ዓመት የሰርቢያ መንደርተኞች ከመቃብር ተነሥቶ ያንቀናል ብለው የፈሩት ሙት፥ የሚያውቁት ጎረቤታቸው ነበር እንጂ ካባ የለበሰ መስፍን አልነበረም። በ1725 ፔታር ብላጎየቪች የተባለውን ገበሬ ሬሳ አውጥተው፥ በአፉ ደም አየን ብለው በሹል እንጨት ወግተው አቃጠሉት። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ፥ ሐኪሟ ቫን ስዊተን ባቀረበው ምርመራ ተመርታ፥ በ1755 ይህን ልማድ ከለከለች። በሰው-ተኩላው ነገር ደግሞ የሞቱት ሙታን ሳይሆኑ ሕያዋን ነበሩ፤ በ1589 በዠርመን አገር በቤድቡርግ ፔተር ሽቱምፕ ተኩላ ይሆናል ተብሎ በብርቱ ሥቃይ ተገደለ። እንግዲህ እምነቱ ሁልጊዜ የሚከሰው የቅርቡን ሰው ነው።

ሙርናው በ1922 ያወጣው «ኖስፈራቱ» ይህን ክስ ከመንደር አንሥቶ ወደ ሩቅ ግንብ ወሰደው። በዚያ ዘመን ብዙው የዠርመን ፊልም በስቱዲዮ ውስጥ ሲሠራ፥ እርሱ በቪስማር ወደብና በስሎቫኪያ የኦራቫ ግንብ ዘንድ ሄዶ አነሣ፤ ስለዚህ ፍርሃቱ በእውነተኛ ድንጋይና በእውነተኛ ነፋስ ላይ ቆመ። በብራም ስቶከር የ1897 ልብ ወለድ ድራኩላ በቀን ይመላለሳል፤ የማለዳ ፀሐይ ሙቱን ታጠፋዋለች የሚለው የዚህ ፊልም ፈጠራ ነው። በደረጃው ላይ የሚወጣው የእጅ ጥላ ዛሬም ያስደነግጣል። ነገር ግን አይጥና ቸነፈር ይዞ በመርከብ የሚመጣው ባዕድ፥ አፍንጫው ቆልማማ፥ የዚያን ዘመን አይሁድ-ጠሎች ከሚሥሉት ሥዕል ጋር እንደሚመሳሰል ብዙ ሐያስያን ተናግረዋል። አዘጋጁ አስቦት ይሁን ሳያስበው፥ ሥዕሉ ይናገራል፤ ውበቱም ከዚህ ነቀፋ አያድነውም።

የዴንማርኩ ድሬየር በ1932 ያሳየው «ቫምፒር» በእኔ ፍርድ ከሁሉም ይበልጣል። በካሜራው ፊት ስስ ሻሽ ተጋርዶ ስለ ተነሣ ዓለሙ ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስላል፤ ቀንና ሌሊት አይለይም። የአንድ እግረ ቈራጭ ወታደር ጥላ ከባለቤቱ ተለይቶ ለብቻው ይሄዳል። ወጣቱ በሬሳ ሣጥን ተኝቶ በትንሽ መስተዋት በኩል ሰማይንና የዛፍ ጫፍ ሲያልፍ ያያል፤ ተመልካቹም ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ደም መጣጯ አንዲት አሮጊት ናት፥ ረዳቷም የመንደሩ ሐኪም ነው፤ እርሱም በወፍጮ ቤት ነጭ ዱቄት ሲወርድበት ታፍኖ ይሞታል። በጨለማ ሳይሆን በንጣት መሞት! እዚህ ላይ ክፋቱ ከባዕድ አልመጣም፤ ድሬየር ወደ ጥንቱ የገበሬ እምነት ተመልሷል፥ ነገር ግን ማንንም ለሕዝብ ቁጣ አሳልፎ አልሰጠም።

ሰው-ተኩላውን በሚመለከት የእንግሊዙ ቴሬንስ ፊሸር በ1961 የሠራው «የሰው-ተኩላው እርግማን» ለአገራችን አንባቢ ልዩ ነገር አለው። በእኛ ዘንድ ቡዳ በሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋና ቤተ እስራኤል ሲጠሉና ሲገለሉ ኖረዋል፤ የተከሳሹን ልብ ግን ተረቱ አይጠይቅም። ፊሸር ጠየቀ። በስፔን አገር አንድ መኰንን በሠርጉ ቀን የተሣለቀበትን ለማኝ በእስር ቤት ረስቶ አውሬ ያደርገዋል፤ እምቢ ያለችውን ድዳ አገልጋይም ከእርሱ ጋር ያስራታል። ሊዮን የተባለው ልጅ ከዚህ ግፍ ተወለደ። የሚወዱት ሰዎች አጠገቡ ሲሆኑ አውሬው ይተኛል፤ ሲለዩት ይነሣል። በመጨረሻ አሳዳጊ አባቱ በብር ጥይት ይገድለዋል።

የፊልሙ ጉድለት ፍጻሜው ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የተሰወረው የአውሬ ፊት በሙሉ ብርሃን ሲወጣ፥ ጠጕሩ የተለጠፈ መሆኑ ይታያል፥ ርኅራኄውም ለጥቂት ጊዜ ይቋረጣል። ድሬየር ቢሆን ኖሮ ጥላውን ብቻ ያሳየን ነበር።