ቢሊ ጎት፦ በእጅም በእግርም

ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለሚኖር አበሻ ቢሊ ጎት የተባለው የእግር ጉዞ መንገድ ቅርብ ነው። የመጀመሪያው ክፍል 2.7 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ማጠሩ ግን አያታልል። የፖቶማክ ወንዝ በግሬት ፎልስ ፏፏቴዎች ተንደርድሮ ጠባቡ ማዘር ሸለቆ ውስጥ ሲገባ፣ መንገዱም ከጫካው ወጥቶ ቋጥኝ ለቋጥኝ ይሄዳል። ሰማያዊውን የቀለም ምልክት መከተል ነው። 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ዘመም ያለ ገደል ላይ ሲደረስ ወሬ ይቆማል፤ ጣት የድንጋዩን ስንጥቅ ይፈልጋል፣ ጫማ ይንሸራተታል፣ ከኋላ ያለው ሰው «ቀስ!» ይላል። ለኔ ከፏፏቴው ይልቅ ይህቺ ቦታ ትበልጥብኛለች። መመለሻው ቀላል ነው፤ እስከ 1924 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው የቦይ ዳር ጥርጊያ፣ ለጥ ያለ ሜዳ። ውሻ ያላችሁ ግን ቤት ተዉት፤ እዚህ ክፍል አይፈቀድም።